ጆሮና ባለቤቱ

ባሌን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምንጠራው እሷና እኔ ብቻ ነበርን፤ እሷ ካለፈች ወዲህ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ እኔም ካልተናደድኩ አልጠራውም። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሻይ ሲጠጣ በመንገዱ የምታልፈውን መኪና ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ፣ «ሦስተኛዋ ካንዴላ አልቆላታል፣ ሰውዬው ገና አልነቃም» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው መኪናውን እያስጎተተ ይመጣል። ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው።

የተጋባን ቀን የልብ ጓደኛው፣ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጸው ባለ ቶርኖ፣ ብርጭቆውን አንስቶ፣ «እህቴ፣ ተጠንቀቂ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል» አለኝ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ተረቱ የሚተረተው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰማው ለማለት ነው። ባለቤት ማለት ግን ሚስትም ነውና ቀልዱ በልኬ የተሰፋ ነበር። እኔም ከሰው እኩል ሳቅኩ። ያንን ሳቄን ዛሬ ባገኘው በጥፊ እለው ነበር።

ባሌ ሥራ የለመደው አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ወለል እየጠረገ ነው። አጎቱ ክፉ ሰው ነበር፤ ሞተር ሲፈታ «ዞር በል!» እያለ ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። እሱም ማየት ሲከለከል መስማት ያዘ። መጥረጊያውን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ በድምፁ መለየት ጀመረ። ካደገ በኋላ አንድ አሮጌ የሐኪም ማዳመጫ አግኝቶ ደረት ላይ የሚቀመጠውን ክብ ነገር ቆርጦ ጣለና በምትኩ ሁለት የላስቲክ ቱቦ ገጠመበት፤ አንዱ ለቀኝ ጆሮ፣ ሌላው ለግራ። ሁለት ካርቡሬተር ያለው መኪና ሲመጣለት አንዱን ቱቦ እፊተኛው አፍ ላይ፣ ሌላውን እኋለኛው አፍ ላይ ያስጠጋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የሁለቱ ትንፋሽ እኩል እስኪሆን ድረስ በካቻቢቴ ብሎኗን ይነካካል። «ሁለቱ ድምፆች መሃል አናቴ ላይ ሲገናኙ አበቃ» ይላል። ሌላው መካኒክ በመለኪያ ሲጨናነቅ የሚውልበትን እሱ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ይህን ባልመሰክርለት ሐሰተኛ እሆናለሁ።

ጋራዡ ሁለት መኪና ብቻ ነው የሚያስገባው፤ የምንኖረው ከጀርባው ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ደንበኛ የምቀበለው፣ ዕቃ የማዝዘው፣ ያኮረፈውን የማባብለው እኔ ነኝ። ማታ ስናወራ ስለ መኪና እናወራለን፤ ትዳራችንም በዚያው ይሄድ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሳወራው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «እሺ» ይላል። ቧንቧው ያንጠባጥባል ስለው፣ እሺ። ቅዳሜ እህቴ ትመጣለች ስለው፣ እሺ። ቅዳሜ እህቴ ስትመጣ በሩን ከፍቶ ከሰማይ የወረደች ይመስል አፉን ከፍቶ ያያታል። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ትል ነበር፤ የኔን ባል እሺ ብትሰማ ተረቱን ትተፋው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ቆምኩ። ጡቴ ውስጥ እብጠት አግኝቼ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራው ነገር አልነበረምና ቀስ ብዬ ነገርኩት፤ ሐኪሙ ለነገ እንደቀጠረኝ፣ መፍራቴንም ጭምር። «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አልኩት። «እሺ» አለ፣ እጁን በፎጣው ጠረገና ወጣ።

በማግስቱ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ከግድግዳው ጋር በተያያዘው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጬ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያልኩ ጠበቅኩት። ነርሷ «አብሮሽ የመጣ ሰው አለ?» ስትለኝ «እየመጣ ነው» አልኳት። እብጠቱ ክፉ አልነበረም፤ ጉዳዩ እሱ አይደለም። ቤት ስመለስ ባሌ መኪና ሥር ተኝቶ ያፏጫል። እግሬን አየና «ዛሬ ደግሞ የት ጠፋሽ?» አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። አልፌው ወደ ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁም ነገር ነግሬው አላውቅም።

ቀዩዋ መኪና የመጣችው ልቤ እንዲህ ከቆረጠ በኋላ ነው። ለእህቴ ደውዬ፣ አንዱን ክፍል እንድታስለቅቅልኝ ነግሬያት ነበር። ሻንጣዬን አስሬ አልጋው ሥር አስገብቻለሁ። ቀዩዋን የተቀበልኳት ግን እኔ ነኝ፤ ለባለቤቷም ቃል የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ የሰው አደራ አስፋልት ላይ ጥዬ አልሄድም። ስለዚህ ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ ቀዩዋ የወጣች ቀን እኔም እወጣለሁ።

ባለቤቷ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ከመኪናዋ ጋር በፍቅር የወደቀ። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መሪዋ በስተቀኝ የሆነ፣ አራት ጎረምሳ ቢያነሳት የምትነሳ ቀላል የስፖርት መኪና ናት። «ጋሽ ጆሮ፣ ሜዳ ላይ ነፍስ ናት። ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ከጓደኞቼ ጋር ተራራ ልንወጣ ነው፣ መሳቂያ እንዳያደርጉኝ» አለው።

ባሌ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ሳያስነሳት ፈገግ አለ። «የሚያንቃት ይሄ ነው» አለና የድሮውን ካርቡሬተር በጣቱ መታው። አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጎርሰው እሱ ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር አለው፤ አራቱም የሚተነፍሱት በዚያች በአንዲት ጠባብ ጉሮሮ ነበር፣ አራት ሰው በአንድ ቱቦ ተራ በተራ ውሃ እንደሚመጥ። ባሌ ያሰበው ሁለት ካርቡሬተር ሊገጥም ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ጉሮሮ አለው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ ይደርሰዋል። ካርቡሬተሮቹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ባለ አራት እጅ ቧንቧ ባለ ቶርኖው ይሠራል። ጉሮሮዎቹ አፍ ላይ ደግሞ አየሩን ሰብስበው የሚያስገቡ አራት አጫጭር መለከቶች ይቆማሉ።

እኔ መብራት ያዝኩ፣ ቧንቧውና ሞተሩ መሃል የሚገባውን ወረቀት በመቀስ ቆረጥኩ፣ ዳዶ አቀበልኩ። አምርሬ የምጠላው ሰው አጠገብ ቆሜ መብራት መያዝ ምን ያህል እንደሚያናድድ ያልሞከረው አያውቀውም። ከሁሉም የሚያናድደው ሥራ ላይ ሲሆን ማማሩ ነው። የቧንቧውን ውስጥ በጣቱ ዳሰሰ፣ የሞተሩ ቀዳዳና የቧንቧው ቀዳዳ የሚጋጠሙበትን ጠርዝ ቀስ እያለ በሞረድ አለዘበ፣ መለከቶቹን በሸሚዙ እጅጌ ወለወለ። ለብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለኔ ጊዜ ምን ነካው እያልኩ መብራቱን ዓይኑ ላይ አበራሁበት። «ዝቅ አድርጊው» አለኝ።

ገጥሞ ጨረሰና አስነሳት። ጋዝ ሲሰጣት ጮኸች፤ መርገጫውን ሲለቀው ግን ሚኒሞ ላይ፣ ያለ ጋዝ፣ መቆም አቃታት፤ ተንቀጠቀጠች፣ ሳለች፣ በአንዱ መለከት በኩል ትፍ አለችና ጠፋች። ባሌ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብሎኗን ነካካ፣ «አሁን እኩል ናቸው» አለ። እኩል የተባለችው መኪና ግን ይብስ ተንቀጠቀጠች። መሬት ላይ ያስቀመጥኩት የሻይ ብርጭቆ ሳይቀር አብሯት ተንጫረረ።

ከዚያ በኋላ የቁጣ ዘመን ገባ። መጀመሪያ ቤንዚኑ ነው አለ፤ ቤንዚን ተቀየረ። ካንዴላው ነው አለ፤ ካንዴላ ተቀየረ። ወረቀቱን አጣመሽ ቆረጥሽው ብሎ ወደኔ ዞረ፤ አዲስ ቆርጬ ፊቱ ላይ ወረወርኩለት፣ ያም አልረዳም። ፍታ፣ ግጠም፣ ማዳመጫውን አጥልቅ፣ «እኩል ናቸው»፣ ከዚያ እንደገና ያ ሳል። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲወረውር ይውላል፤ እኔ በልቤ ሻንጣዬን እቆጥራለሁ። መኪናዋ አልወጣ ባለች ቁጥር እኔም አልወጣሁም፤ ስለዚህ የሱ ቁጣ አንድ ከሆነ የኔ ሁለት ነበር።

በመጨረሻ ባለ ቶርኖውን አስጠራው። ሰውዬው ገና ከመግባቱ፣ ሰላምታ ሳይሰጠው፣ ቱግ አለበት።

«ቧንቧህ ጠማማ ነው» አለው።

«ቧንቧዬ ቀጥ ያለ ነው። ሁለቴ ለክቼዋለሁ» አለ ባለ ቶርኖው።

«እርጅና ተጫውቶብሃል። እጅህ ይንቀጠቀጣል። ካልቻልክ አልችልም በል፣ የሰው ስም አታጥፋ።»

ባለ ቶርኖው አየው፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ተወው። «እኔ ያልቻልኩትን አልችልም እላለሁ። አንተም እንደሱ በል» ብሎት ወጣ። ሲያድጉ አብረው ነው ያደጉት፤ እስከ መንገድ ሳይሸኛኙ ደፍ ላይ ተሰናብተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ግን ባሌ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ።

እኔም በዚያው ቀን በቃኝ። መኪናዋ ብትወጣም ባትወጣም ነገ እሄዳለሁ ብዬ ለመንገር ወደ ጋራዡ ገባሁ። ባሌ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሏል። ከመንገዱ የመኪና ጩኸት ይገባል። በስተግራው ሄጄ ቆምኩ። አፌን ስከፍት ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ወደቀ፤ ከኋለኛው ካርቡሬተር ቤንዚን ጠብ፣ ጠብ እያለ፣ ሥሩ ባለው ገና ያልቀዘቀዘ የጭስ ቧንቧ ላይ ይተናል።

«ቤንዚን እየፈሰሰ ነው፣ የጋለው ቧንቧ ላይ» አልኩት።

«እሺ» አለ፤ ቀና እንኳን ሳይል።

ያኔ ነው የነቃሁት። ባል ሚስቱን ሊንቅ ይችላል፤ ሺህ ባል ሲንቅ አይቻለሁ። መካኒክ ግን የጋለ ብረት ላይ የሚፈስ ቤንዚን አይንቅም። በቀኙ ዞሬ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ደገምኩት። እባብ የነደፈው ያህል ተስፈንጥሮ ጨርቅ ያዘ፣ የቤንዚኑን ማስገቢያ ዘጋ፣ ቧንቧውን ጠረገ። «እዚያ ቆመሽ ታያለሽ? አትናገሪም እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ።

የላላውን መጋጠሚያ እስኪያጠብቅ ጠበቅኩት፤ የፈሰሰው እስኪደርቅ ጠበቅኩት። «አስነሳት» አልኩት። አስነሳት፤ ያው ሳል፣ ያው ትፍታ። እንደ ልማዱ ማዳመጫውን አጥልቆ ቱቦዎቹን አስጠጋ።

«እኩል ናቸው እኮ» አለ። «እኩል ይተነፍሳሉ፣ ግን ትንቀጠቀጣለች። ግራ ገባኝ።»

ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ ነጠቅኩት። ገልብጬ፣ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጌ መልሼ አጠለቅኩለት። ቱቦዎቹን እንደነበሩ በየአፋቸው አስጠጋሁለት። ሊገፋኝ እጁን አነሳና እጁ አየር ላይ ቀረ። ሲያፏጭ የኖረው ከንፈሩ ሲደርቅ አየሁ። ከኋለኛው አፍ የሚመጣው ትንፋሽ በደህናው ጆሮው ሲገባ እንደ አውሎ ነፋስ ነበር፤ ሲከፍተው፣ ሲከፍተው ሰንብቶ ነበራ። እኩል ያላቸው የኋለኛውን ቱቦ የያዘው ግራ ጆሮው እንዲህ ካልጮኸ ስለማይሰማ ነው። ያን ሁሉ ቀን መኪናዋን ለደንቆሮ ጆሮው ሲያስተካክላት ነበር።

«ግራ አልገባህም» አልኩት፣ በቀኙ በኩል ጠጋ ብዬ። «ግራህ ነው ከሥራ የወጣው።»

ሞተሩን አጠፋው። ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው» አለ። «መጀመሪያ አቃጨለብኝ። ይተወኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ማቃጨሉም ተወኝ፣ መስማቱም ተወኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ጆሮ ደነቆረ ልበል? በነጋታው ጎረቤቱ ሁሉ መሳቂያ ያደርገኛል፤ በሩን ማን ይመታል?»

«እኔ ጎረቤት ነኝ?» አልኩት። ድምፄ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነቀነቀው። «ሐኪም ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ ስልህ እሺ አልከኝ። ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩህ። እሺ ብለኸኛል!»

ቀና ብሎ አየኝ። «የምን ሐኪም ቤት?» አለ።

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ያሳደግኩት ቁጣ ነበረኝ፤ በዚያ ጥያቄ ከሥሩ ተነቀለና የምተክልበት አጣሁ። አልናቀኝም ነበር፣ አልሰማኝም። ግን አለመስማቱን ያውቅ ነበር። «ምን አልሽ?» ማለት አቅቶት፣ ደንቆሮ ከምትለኝ ጨካኝ ትበለኝ ብሎ መርጧል። የቱ እንደሚብስ ዛሬም አልወሰንኩም። ያኔ አጠገቤ የነበረችውን ካቻቢቴ አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኳት፤ እሷ ስትወድቅ በቀኝ ጆሮው ሰማ።

«ተነስ» አልኩት። «መኪናዋን ከመንካትህ በፊት ሰውዬውን ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

አብረን ወደ ቶርኖ ቤቱ ሄድን። ባለ ቶርኖው ማሽኑን አጥፍቶ ባሌ ተንተባትቦ እስኪጨርስ ሰማው፤ ከዚያ ወንበሩን አንስቶ በባሌ ቀኝ በኩል አስቀምጦ ተቀመጠ። ያቺን አቀማመጥ አየኋት። ይህ ሰው ቤታችን ሲመጣ ሁሌ ቦታ ቀይሮ በዚያ ጎን እንደሚቀመጥ ትዝ አለኝ።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እህቴ» አለኝ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «ሻይ የምታመጣለት ልጅ እንኳን በግራው አትጠራውም። አንቺማ የምታውቂ መስሎኝ ነበር፤ ባለቤቱ አይደለሽ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስቅ የኖረው ቀልድ ያን ቀን መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰፈር ያወቀውን የማላውቀው፣ አጠገቡ የምተኛው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለቱንም ጥያቸው ወጣሁ። ባሌ ከኋላዬ ሲጠራኝ ሰማሁት፤ በተራዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

በማግስቱ ከማዳመጫው ላይ አንዱን ቱቦ ቆርጦ ጣለው። በአንድ ቱቦ፣ በቀኝ ጆሮው ብቻ፣ አንዱን አፍ ሰምቶ ወደ ሌላው እየተመላለሰ፣ እንደ ጀማሪ ብዙ ደክሞ አስተካከላቸው። አልረዳሁትም፤ በር ላይ ቆሜ አየሁት። መርገጫውን ሲለቀው ቀዩዋ አልሳለችም፤ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ ብላ ተነፈሰች። ባለ ቶርኖው እሱም መጥቶ ነበር፣ ቧንቧውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ለጥርስ ሐኪሙ ከመመለሷ በፊት ዳገት ላይ መሞከር ነበረባት። ባሌ ቁልፉን ዘረጋልኝ። «አንቺ ንጂያት» አለ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። መሪዋ በስተቀኝ ነው፤ እሱ ከነዳ ያለሁት በግራው ነው። እኔ ከነዳሁ ግን ደህናው ጆሮው ወደኔ ይሆናል። ቁልፉን ወሰድኩና ገባሁ።

ወደ ውሃ ታንከሩ የሚወጣው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ጋዝ ሰጠኋት። አራቱ መለከቶች አንድ ላይ አየር ሲስቡ ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ፤ ቀዩዋ ዳገቱን እንደ ሜዳ በላችው። እኔም ጀመርኩ። ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን፣ ከቧንቧው ጀምሬ፣ በእህቴ በኩል አልፌ፣ ኮሪደሩ ላይ እስክደርስ ድረስ፣ ከሞተሩ በላይ እየጮህኩ ነገርኩት። ነርሷ ያለችኝን ነገርኩት። «እየመጣ ነው» ማለቴንም ነገርኩት።

«እሺ» አለ።

ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናዋ ዳገቱ መሃል ቀጥ አለች፣ እሱ በግንባሩ መስታወቱን ሊስም ደረሰ። «እሺ አትበለኝ» አልኩት። «ምን እንዳልኩ ድገምልኝ።»

ወደ ፊት እያየ፣ አንድ ቃል ሳይጥል ደገመው፤ እብጠቱን፣ አግዳሚውን፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ማለቴን። «ፈርቼ ነበር» ያልኩት ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ ጠበቅኩት። እሱንም ደገመው። እጄን መሪው ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ቁጣዬ ግን አልወጣም፣ አብሮኝ ያለቅስ ነበር።

ቀዩዋ ወጣች፤ እኔ ግን ለጊዜው አልወጣሁም። የጥርስ ሐኪሙ ተራራውን ወጥቶ እንደተመለሰ እየሳቀ ደውሏል። በቤታችን «እሺ» የሚባል ቃል ክልክል ነው፤ ያልሰማ «ምን አልሽ?» ይላል፣ ሃያ ጊዜም ቢሆን። እህቴን ግን ያስለቀቀችልኝን ክፍል አከራዪው አላልኳትም። ሻንጣዬም እንደታሰረ አልጋው ሥር ነው። ባሌ ያውቃል፤ በቀኙ በኩል ሆኜ ነግሬዋለሁ።